ያላጠረው የመጽሔት ስም

መዝጋቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልግ ነበር። ጡረታ ልትወጣ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ፊት ለፊቷ ያለው ኮምፒውተር የአራት ዓመት ልፋቷን ይዟል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉትን የቆዩ መጣጥፎች ሁሉ የያዘ ዝርዝር ነው። ማተሚያ ቤቱ እስከ ቀትር ካልደረሰኝ ለከርሞ ነው ብሏል። በዚያ ላይ የመጽሔት ስም ሁሉ በአጭሩ ይጻፍ፣ ስሞቹን የሚያሳጥረው ፕሮግራም ሪፖርት ላይ ቀይ ምልክት ካየሁ አልቀበልም ብሏል።

ፕሮግራሙ ጎበዝ ነው፣ አይካድም። ባለሁለት ዓምድ ሰንጠረዥ አለው፤ በግራ ሙሉ ስም፣ በቀኝ አጭሩ። የመጽሔቱን ስም ያነሣና በግራው ዓምድ ይፈልጋል፤ ካገኘው በቀኙ ይተካዋል። ካጣው ግን አይቀባጥርም፤ እንዳለ ትቶ በቀይ ያሰምርበታል። መዝጋቢዋ ይህን ጠባዩን ወዳለታለች። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው እንኳ ዛሬ ከየት ይገኛል!

ከሁለት ሺህ መጣጥፎች ቀይ ሆኖ የቀረው አንድ ብቻ ነው፦ «የመጻሕፍት ጠባቂዎች መረዳጃ ማኅበር የሩብ ዓመት መልእክት»። አራት ጊዜ ታትሞ የቀረ መጽሔት ነው። የመጣጥፉ ጸሐፊ ደግሞ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ ኮምፒውተር ሳይመጣ ዝርዝሩ በእጅ ይጻፍበት የነበረው የካርድ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በሃያ ሁለት ዓመቷ ሥራ ስትጀምር ካርድ አጻጻፍ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከጀርባቸው «ጋሽ አታሳጥሩ» ይባሉ ነበር፤ ይህች ቃል ከአፋቸው አትጠፋማ። እሷ ግን አንድ ከሰዓት ጣቷ ዝሎ የአንዱን መጽሔት ረጅም ስም በአራት ፊደል ጠቅልላ ተገላገለችው።

ወሩ ሳይሞላ አንድ ሽማግሌ መጡ። የሟች ወንድማቸው ጽሑፍ እዚያ መጽሔት ላይ ወጥቷል ተብለው ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘዋል። መሳቢያውን ከላይ እስከ ታች አገላበጡ፤ አጡት። አመስግነው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ጋሼ በአራት ፊደል የተጻፈውን ካርድ ሲያገኙት ሰዓት አልፎ ነበር። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ልጄ፣ የምትጽፊው እኮ ለሚያውቀው ሰው አይደለም» ብለው ወደ መናኸሪያ ሮጡ። አውቶቡሱ ሄዷል። ጋሼን ሲሮጡ ያየቻቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ያ ክፍል የስብሰባ አዳራሽ ሆኗል። የመሳቢያዎቹ ሲጢጥታ፣ የጋሼ ሳል፣ ጣቷ ላይ የሚቀረው ጥቁር ቀለም፣ ሁሉም በአንዴ ናፈቃት።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ በበሩ ብቅ አለች። «እትዬ፣ አልላኩም እንዴ?»

«አንድ ቀይ አለብኝ።»

«ለዚች ነው? ሰንጠረዡ ላይ እርስዎ ያስገቡላታ። በግራ ሙሉውን፣ በቀኝ አምስት ፊደል። ማን ያውቀዋል ብለው ነው?»

«እሱ እኮ ነው የጨነቀኝ። ማንም አያውቀውም። ካሳጠርኩት ጋሼን የሚያገኛቸው የለም።»

ባለሙያዋ ሰዓቷን አየት አደረገች። ለቀትር ሩብ ጉዳይ ነው።

መዝጋቢዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። በግራው ዓምድ ሙሉውን ስም ጻፈች። በቀኙም ያንኑ ሙሉውን ስም፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ደግማ ጻፈች። ፕሮግራሙ ስሙን አነሣ፣ በግራ ፈለገ፣ አገኘ፣ በቀኙ ተካው። ቀዩ ጠፋ።

«እንዴ እትዬ! አጭበረበሩት እኮ!» ባለሙያዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«አግኝ አልነው፣ አገኘ። ምን አጠፋን?»

ልትልክ እጇን አንሥታ መለሰችው። አንድ ሌላ ስም ትዝ አላት፤ የዚያ ሽማግሌ ወንድም ስም። ፈለገችው። ጽሑፉ የወጣበት መጽሔት የታወቀ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሳይጠይቃት ስሙን አሳጥሮታል። በአራት ፊደል፤ ልክ እሷ እንዳደረገችው።

መዝጋቢዋ ቀልዷን ተወች። የሰንጠረዡን ቀኝ ዓምድ ከፍታ አራቱን ፊደሎች አንድ በአንድ አጠፋቻቸውና ሙሉውን ስም ጻፈች። ሽማግሌው ዛሬ በሕይወት እንደሌሉ ታውቃለች። ቢሆንም ሁለት ጊዜ አንብባ አረጋገጠችና ላከችው።