ያልጠፋው መብራት
በከተማችን ያለው የኃይል ማመንጫ አንድ ነው፤ ዋና ከተማ ተብላም ሲመሽ መብራቱ ለሁሉም አይዳረስም። ሰፈር እየመረጥኩ የማጠፋው እኔ ነኝ። የሰው አፍ መቼም አያስቀምጥም፤ ለወገኑ ያደላል እንዳልባል ሁሌም የራሴን ሰፈር አስቀድሜ አጠፋለሁ።

ዛሬ ግን እናቴ ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ገብታለች፤ የምትተነፍሰው በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኦክስጅን ማሽን ነው። ለጎረቤት ገና አልነገርንም።

አለቃዬ አናቴ ላይ ቆሞ፣ «አጥፋ እንጂ፣ ከተማው በሙሉ ሊጨልምብን ነው» አለኝ። እጄ በልማድ ወደ ሰፈሬ ማጥፊያ ሄዶ ነበር፤ መለስኩትና የሚኒስትሮቹን ሰፈር አጠፋሁት።

«ጉድ ሠራኸን» አለ። የቢሮው ስልኮች ተንጫጩ። እኔ ደግሞ ቤት ብደውል፣ ብደውል እህቴ አታነሳም።

ተረኛው ሲተካኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። ሰፈሩ ቦግ ብሏል፤ ደጃችን በሰው ተሞልቷል። ሰዉን እየገፋሁ ወደ በሩ አመራሁ።

ጎረቤታችን፣ ያቺ ነገረኛ ሴትዮ፣ ክንዴን ያዘችኝ። «መብራቱ በሰዓቱ አልጠፋ ሲል እናንተ ቤት ክፉ ነገር ገባ ብለን ነው የመጣነው። አንተ በደህና ቀን መች ታበራልናለህ?»

ስልክ ያላነሳችው እህቴ ለሰዉ ወንበር ታቀርባለች። ከውስጥ የእናቴ የሰለለ ድምፅ ተሰማ።

«ደህና ነኝ ብላቸው አላመኑኝም» አለች። «መብራቱ ካልጠፋ አይሄዱልኝም።»