ዳርሊን እምቢ ያለችው ወለድ

ኖርበርት ሩስናክ ከብረት ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ ወዲህ የቀረችለት አንድ ሥራ ነበረች፤ ፖስታ መጣል። መቀበል አላልኩም፣ መጣል! ከደጁ ሳጥን ያወጣውን ክምር ታቅፎ ጋራዡ ውስጥ ካለው የቆሻሻ በርሜል አጠገብ ይቆማል። የምንጣፍ ማስታወቂያ፣ ወደ በርሜሉ። የመስኮት ማስታወቂያ፣ ወደ በርሜሉ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመርጠዋል» የሚለውማ ሳይከፈት ነው የሚሰናበተው። ሎሬይን ከተማ ውስጥ እንዲህ የማያደርግ ሰው የለም፤ ኖርበርት ግን ይኮራበት ነበር።

ባንኮች ሁሉ በተብረከረኩበት በዚያ ዓመት፣ በጃንዋሪ ወር አንድ ቅዳሜ፣ ወደ ጋራዡ ሲገባ ሚስቱ ዳርሊን እጇን እስከ ክርኗ በርሜሉ ውስጥ ከታ አገኛት።

«የሥጋውን የቅናሽ ኩፖን ጣልክብኝ አይደል?»

«ለሃምሳ ሳንቲም ብለሽ ነው ቆሻሻ የምትበረብሪው?»

«ሃምሳ ሳንቲም መንገድ ላይ ወድቃ ብታያት ጎንበስ አትልም?»

«ወገቤ አይፈቅድልኝም።»

«ምላስህ ግን ደህና ነው፤ ተመስገን ነው።»

ኩፖኑ ተገኘ። ከኩፖኑ ጋር ግን አንድ ስስ ወረቀት ተጣብቆ ወጣ። ኖርበርት ከማስታወቂያ ቆጥሮት ነበር፤ የላከው ግን የክሬዲት ካርዳቸው ባንክ ነው። ዳርሊን ወደ ወጥ ቤት ይዛው ገባች፣ ማጉያ መነጽሯን አወጣች፣ ጉንዳን የሄደበት የሚመስለውን ጽሑፍ ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚባለው ለእሷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት ምግብ ቤት ስታበስል፣ የዱቄት ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ እንኳ ሳታነብ ከፍታ አታውቅም።

«ኖርብ፣ ወለዳችን በመቶ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ ነው አይደል?»

«ነበር እንዴ? እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

«ከማርች አንድ ጀምሮ ሃያ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ነው ይላል።»

«ምን አጥፍተን? ቀን አሳልፈን እናውቃለን?»

«አንድም ቀን። "በገበያው ሁኔታ ምክንያት" ይላል።»

«ገበያውን እኔ ነኝ ያሳመምኩት?»

ነገሩ ግን የሚያስቀልድ አልነበረም። ያ ካርድ የኖርበርት ልብ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ደረቱ ተከፍቶ ሲታከም፣ ፋብሪካው የሚከፍለው ኢንሹራንስ ቀርቶ ስለነበር፣ ሆስፒታሉ የጠየቀውን ዳርሊን በካርዱ ከፍላ አወጣችው። አሥራ አንድ ሺህ ዶላር ገና ይቀራል። በወር ሁለት መቶ ዶላር ይከፍላሉ፤ በአዲሱ ወለድ ወደ አራት መቶ ሊጠጋ ነው። ዳርሊን ደግሞ ትምህርት ቤቱ በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ሲዘጋ ሥራ ልታቆም ነበር። ጉልበቶቿ አልቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት ደረጃ የምትወርደው ግድግዳ ተደግፋ ነው። ያ ሁለት መቶ ከተጨመረ ግን ጡረታ ብሎ ነገር የለም፤ ስንት ዓመት እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ ከዚያ ምድጃ ፊት ቆማ ልትቀር ነው።

«እኔ ሥራ እገባለሁ» አለ ኖርበርት።

«በዚያ ልብህ? አርፈህ ተቀመጥ፤ አልጨረስኩም።»

ወረቀቱን ገለበጠችው። ከጀርባው፣ ከግርጌው፣ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«እምቢ ማለት ይቻላል።»

«ለባንክ? ማን ሰምቶ ያውቃል?»

«ይኸው ተጽፏል። እስከ ፌብሩዋሪ ሃያ ሰባት በደብዳቤ እምቢ ካልን ካርዱን ይዘጉታል፤ ያለብንን በድሮው ወለድ እንከፍላለን። ዝም ካልን እሺ እንዳልን ይቆጠራል። ደግሞ እምቢ ካልን በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ከተጠቀምንበት እምቢታችን ውድቅ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ለምን ከላይ በትልቁ አይጽፉትም?»

«እንድታነበው መቼ ፈለጉና!»

ቢያዩኝ እስቅ፣ ባያዩኝ እሰርቅ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ዳርሊን በዚያው ቀን ደብዳቤውን በእጇ ጻፈች፤ ሰኞ ፖስታ ቤት ተሰልፋ በአደራ ደብዳቤ ላከችው። ወር ሳይሞላ መልስ መጣ፤ ሂሳቡ በጥያቄያቸው መሠረት ከፌብሩዋሪ ሃያ ጀምሮ ተዘግቷል፣ የድሮው ወለድ ይቀጥላል ይላል። ካርዱን በዶሮ መቁረጫው መቀስ ከታተፈችው። ኖርበርትም የእሱን አምጥቶ ሰጣት፤ ያን ምሽት ሁለቱም የቢራ ጠርሙስ ይዘው በረንዳ ላይ ብርድ እየመታቸው ሳቁ።

ኤፕሪል ገባና የካርዱ ወርሃዊ ሂሳብ መጣ። ኖርበርት አሁን ፖስታ ሳያነብ አይጥልም፤ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ ከፈተው። ወለድ፣ ሃያ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ። ስህተት ነው ብሎ ከላይ ያለውን ዝርዝር አየ። አንዲት መስመር አለች፤ ማርች አራት፣ የዓሣ አጥማጆች መጽሔት፣ አሥራ ዘጠኝ ዶላር ከዘጠና አምስት ሳንቲም።

መጽሔቱ የእሱ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ሲመዘገብ የካርዱን ቁጥር ሰጥቶ፣ «በየዓመቱ ራሱ ይታደስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትዝም ብሎት አያውቅም።

እውነቱን እንነጋገር፤ መጣል አስቦ ነበር። በርሜሉ አጠገቡ ነው፣ ዳርሊን አላየችም። ግን ባንኩ በሚቀጥለው ወር ሌላ ይልካል፤ ከዚያስ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ወረቀቱን ይዞ ገባ። ዳርሊን ገና ከሥራ መግባቷ ነው፤ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ሕመሙን እንዲያስታግስላት ከማቀዝቀዣ የወጣ የአተር ከረጢት ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች።

«ዳርሊን፣ ገደልኩሽ።»

አነበበችው። አልጮኸችም። ኖርበርት ብትጮህ ይሻለው ነበር፤ ሥራ የማቆሚያዋን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አክብባዋለች፣ እሱ ደግሞ ለዓሣ ሥዕል ብሎ አጠፋባት። እሷ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና «መጽሔቱ የተከፈለው መቼ ነው?» አለች።

«ማርች አራት።»

«ሂሳቡን ዘግተናል ያሉበትን ደብዳቤ አምጣልኝ። ስልኩንም።»

ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ ከፍታ ደወለች። ባንኩ ጋ ስልክ ያነሳው የመጀመሪያው ልጅ አዝናለሁ አለ። ሁለተኛው በጣም አዝናለሁ አለ። ዳርሊን የሁለቱንም ስም ጻፈችና የበላይ ይምጣልኝ አለች። ኬንድራ የምትባል አለቃ መጣች።

«ወይዘሮ ሩስናክ፣ እምቢ ካሉ በኋላ ካርዱን ተጠቅመዋል። ስለዚህ በአዲሱ ወለድ ተስማምተዋል ማለት ነው።»

«የኔ ልጅ፣ ሂሳቡን ፌብሩዋሪ ሃያ ዘግተነዋል ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ፊርማችሁ ያለበት ወረቀት እጄ ላይ ነው። ማርች አራት መጽሔቱ መጥቶ ሲያንኳኳ በሩን ማን ከፈተለት?»

ከስልኩ ወዲያ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

«እኔ ቁልፍ የለኝም» አለች ዳርሊን፤ ድምፅዋ ለተማሪ ሾርባ ስትጨልፍ ከሚሰማው አልተለወጠም። «ከዘጋችሁት፣ መጽሔቱን የከፈላችሁት በራሳችሁ ፈቃድ ነው። ካልዘጋችሁት ደግሞ ፈርማችሁ የላካችሁልኝ ውሸት ነው። የቱ እንደሆነ ንገሪኝና ልጻፈው። አሥራ ዘጠኝ ዶላር ከዘጠና አምስቱን ነገ በቼክ እልክላችኋለሁ፤ የሰው ገንዘብ አልበላም።»

«ትንሽ ይጠብቁኝ፣ እባክዎን።»

ሙዚቃ ተለቀቀባቸው። ያ የባንክ ሙዚቃ ጤነኛ ሰው ያሳብዳል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ኖርበርት ከምድጃው እስከ መስኮቱ ይመላለሳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በክሬን ሰማንያ ቶን ብረት እያነሳ ኖሯል፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ኖርበርት ብርቱ ነው ይለዋል። እስቲ ይምጡና ይቺን ሴትዮ ይዩ አለ በሆዱ፤ እንደ ዛሬ ወዷት አያውቅም።

«ወይዘሮ ሩስናክ?» ኬንድራ ተመለሰች። «ስምንት ነጥብ ዘጠኙ ይቀጥላል። ያለአግባብ የታሰበው ወለድም ይመለስልዎታል። በጽሑፍ ይደርስዎታል።»

ኖርበርት ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ዳርሊን አመስግና ልትዘጋ ስትል ልጅቱ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር። ለመዝገባችን እንዲሆን፣ የእምቢታ ደብዳቤዎን ቢያነቡልኝ?»

«እናንተ ጋ አለ እኮ።»

«አለ። ግን… ቀስ ብለው ቢያነቡልኝ።»

ዳርሊን ኖርበርትን አየችው። ከዚያ ልክ ቃለ ጽሕፈት እንደምታስጽፍ አስተማሪ ጀመረች።

«"የወለድ ጭማሪውን አልቀበልም። ሂሳቡን ዝጉልኝ። ያለብኝን ዕዳ…"»

«"ዝጉልኝ"፣ እሺ፣ ከዚያስ?»

«"ያለብኝን ዕዳ በድሮው ወለድ ከፍዬ እጨርሳለሁ። መቀበላችሁን በጽሑፍ አረጋግጡልኝ።" በቃ፣ ይኸው ነው።»

በስልኩ ውስጥ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሮጥ ይሰማል። ኖርበርት ሊናገር አፉን ሲከፍት ዳርሊን በጣቷ ዝም አሰኘችው።

«ለመዝገቡ ጨምሪበት የኔ ልጅ» አለች። «በአደራ ደብዳቤ ነው የሚላከው፤ ደረሰኙ አይጣልም። በየዓመቱ ራሱ የሚታደስ ነገር ካለ ደግሞ አስቀድሞ ይሰረዛል። እኔ ያንን ረስቼ ነው ዛሬ አንቺን ያስቸገርኩሽ።»

«እናቴም ይኸው ወረቀት ደርሷት…» አለች ኬንድራ፣ ወዲያው አቋረጠችው። «አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ሩስናክ። በጣም ነው የማመሰግነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ኖርበርት ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«"እኔ ረስቼ" አልሻት። እኔ ነኝ እኮ የረሳሁት።»

«ታዲያ ለባንክ ባሌን ላማ?» አለች፣ እግሯን ከወንበሩ እያወረደች። «ይልቅ ሰኞ የትምህርት ቤቱ ቢሮ አድርሰኝ፤ የጡረታዬን ወረቀት ልሙላ።»

ኖርበርት ዕንባው መጣ፣ አልደበቀውም። የመኪናውን ቁልፍ ከመስቀያው አነሳ።

«ሰኞ ምን ያደርጋል? ቢሮው ገና አልተዘጋም» አለ። «ተነሺ፣ ኮትሽን ልበሺ።»