ራሱ የሚጨልም መስታወት

በ1979 ዓ.ም. በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በጋሽ ገብረትንሣኤ ግቢ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ገብረትንሣኤ ራሳቸው፣ በያጇ ልጃቸው ሓዳስ፣ የብረታ ብረት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ወልደሥላሴ፣ የብየዳ ጭንብል ይዞ የመጣው እሸቴ፣ ጭንብሉ የመጣለት እምሩ።

እምሩ የብየዳ ሰው አልነበረም። በአንድ መሥሪያ ቤት የካርታ ነዳፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ሲስብ ይውላል። ብየዳን የያዘው ለእንጀራ ሳይሆን ለነፍሱ ነው። ሌላው ቅዳሜውን በጠላ ቤት ወይም በኳስ ሜዳ ሲያሳልፍ፣ እሱ የተጣለ ፌሮና የላሜራ ቁራጭ ለቃቅሞ ዶሮ ማነቂያ ይወርዳል። እስካሁን ሁለት የአበባ ማስቀመጫ፣ አንድ የመጻሕፍት መደርደሪያና ማንም ሊቀመጥበት ያልደፈረ ወንበር ሠርቷል። ያስተማሩት ጋሽ ገብረትንሣኤ ናቸው። "አፍህ ብቻ ሳይሆን እጅህም ዝምተኛ ነው" ብለው ወደዱት፤ ማሽናቸውንም ቅዳሜ ቅዳሜ ለቀቁለት።

ችግሩ ዓይኑ ነበር። የድሮው የብየዳ ጭንብል መስታወቱ ሁልጊዜ ጥቁር ነው፤ እሳት ካልተጫረ በቀር በእሱ ውስጥ የገዛ እጅ እንኳ አይታይም። ሥራውን የለመደ በያጅ ኤሌክትሮዱን ከቦታው ያደርስና አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ጭንብሉን ፊቱ ላይ ይጥላል፤ ከዚያ ይጭራል። የእምሩ እጅና አንገት ግን አልተግባቡም። ጭንብሉ ሳይወርድ እጁ ይቀድማል። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ብርሃን መታው። ብርሃን የመታው ሰው ሲመሽ ነው የሚያውቀው፤ ዓይኑ ውስጥ ትኩስ አሸዋ የተበተነበት ይመስለዋል። ሚስቱ አይናዲስ ድንች እየቆረጠች ዓይኑ ላይ እያደረገች፣ የሞቀውን በቀዝቃዛ እየለወጠች አሳደረችው። ከሁለተኛው በኋላ መሥሪያ ቤት ሲገባ መስመሩ ተንቀጠቀጠበት። አለቃው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ብዙ ተመለከተና ምንም ሳይናገር መለሰለት።

አይናዲስ ግን ተናገረች።

"የሚያበላን ዓይንህ ነው እንጂ ብረትህ አይደለም። ዓይንህን የሚጠብቅልህ ነገር ካላገኘህ ቅዳሜ ቅዳሜ እቤትህ ተቀመጥ።"

እሸቴ የእምሩ አብሮ አደግ ነው፤ በአንድ የውጭ ድርጅት ሾፌር ሆኖ ይሠራል። ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ ቴክኒሺያን መጋዘን ውስጥ ትቶለት የሄደውን ጭንብል ወሬ ይዞለት መጣ። መስታወቱ እሳት በሌለበት እንደ ቢራ ጠርሙስ አረንጓዴ ነው፤ በእሱ ውስጥ ሁሉም ነገር ይታያል። እሳቱ በተጫረ ቅጽበት፣ ዓይን ሳይርገበገብ፣ ራሱ ይጨልማል። እሳቱ ሲጠፋ ደግሞ ራሱ ይገለጣል። ጭንብል መጣል የለ፣ አንገት መነቅነቅ የለ። እምሩ ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ግን ዕቃው ለዓመታት ተቀምጧል፤ ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ ሰው የለም። በአራዳ የብየዳን ነገር የሚዳኝ ዓይን ያላቸው ጋሽ ገብረትንሣኤ ናቸው ተብሎ ነበርና ወደ እሳቸው ይዘውት መጡ።

ጓድ ወልደሥላሴን የጠራው ግን አልነበረም። የማኅበሩን ሥራ ሁሉ መርምረው የሚያሳልፉት ጋሽ ገብረትንሣኤ ናቸው። በቅርቡ እሳቸው "ደህና ነው" ብለው ያሳለፉት የመስኮት ፍርግርግ ከብየዳው ተላቆ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ "ሽማግሌው አያዩም" የሚል ወሬ ይሰማ ጀመር። ሊቀመንበሩ "አዲስ መሣሪያ መጣ ሲሉ ሰምቼ ነው" ብሎ ቢገባም፣ ዓይኑ ከጭንብሉ ይልቅ የሚከተለው ሽማግሌውን ነበር።

ጋሽ ገብረትንሣኤ ጭንብሉን ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት።

"ጭንብል ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው አንገት ነው" አሉ። "ሲከብድህ ከዋለ ማታ ራስህን ሲያምህ ያድራል። ቀጥሎ አገጭ ነው። ጎንበስ ስትል ጉሮሮህን መሸፈን አለበት። ከዚያ ኋላውን ታያለህ። ብርሃን ሌባ ነው፤ በፊት በር ብትዘጋበት በጓሮ ይገባል። መስታወቱ መጨረሻ ነው የሚጠየቀው።"

"ጋሼ፣ ሚስትም ሲመርጡ እንዲህ ነበር?" አለ እሸቴ።

"እሷ ናት የመረጠችኝ። ያኔ የእኔም አንገት ቀጥ ያለ ነበር።"

ጓድ ወልደሥላሴ ሳይቀር ሳቀ። ጋሽ ገብረትንሣኤ ጭንብሉን አጠለቁ፤ ጎንበስ ቀና አሉ፤ ራሳቸውን ግራና ቀኝ አወዛወዙ። "ለአንገት ደህና ነው። አገጭም ይሸፍናል። በይ ሓዳስ፣ ጫሪ።"

ሓዳስ አሮጌ ጭንብሏን ፊቷ ላይ ጥላ በሞርሳ ከታሰረው ብረት ላይ ጎንበስ አለች። እሸቴና ሊቀመንበሩ ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱ። እምሩም መመለስ ነበረበት። ግን ያን መስታወት ሲጨልም የማየት ጉጉት አሸነፈው። እሳቱን በመዳፉ ከልሎ፣ ከጎን፣ ጭንብሉን ብቻ ተመለከተ።

እሳቱ ተንጣጣ፤ የቆርቆሮው አጥር ሰማያዊ ሆነ። በመስታወቱ ውስጥ እምሩ የጋሽ ገብረትንሣኤን ሁለት ዓይኖች አየ። ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ይታይ ነበር። መስታወቱ አልጨለመም። ዓይኖቹ በዚያ ብርሃን ፊት ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ አንድ ጊዜም አልተርገበገቡም።

እሳቱ ጠፋ። ሽማግሌው ጭንብሉን ገለጥ አድርገው "ጨለመ" አሉ። "በደንብ ነው የጨለመው። እኔ እንዲህ ያለ ጥሩ መስታወት አላየሁም።"

ሰውዬው አልዋሹም፤ ድምፃቸው የእውነት ነው። ቀጥ ብለው ያዩት ሁሉ ጨለማ ሆኖባቸዋል ማለት ነው።

"ጋሼ፣ እንደገና አንድ ጊዜ ብንሞክረውስ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ለምን? ዓይኔን ተጠራጠርክ?"

የተቆጡ አይመስሉም። ግን ጓድ ወልደሥላሴ ከአጥሩ ዞሮ አንድ እርምጃ ቀረበ። ሓዳስ ጭንብሏን አንስታ እምሩን አየችው። ከንፈሯን ነክሳ 'ተው' እንደማለት ራሷን በጥቂቱ ነቀነቀች።

"ኧረ እኔ... ለማጣራት ያህል ነው።"

"ባለጉዳዩ ራሱ ይሞክረዋ" አለ ሊቀመንበሩ። "ለማን ነው የመጣው?"

ጭንብሉ እምሩ እጅ ውስጥ ገባ። ያንን ሁሉ ጊዜ የተመኘው ዕቃ ነው፤ ቀላል ነው፤ ራሱ ላይ እንደ ባርኔጣ ተቀመጠ። "አልጨለመም" ቢል ሊቀመንበሩ የመጣበትን አገኘ ማለት ነው፤ ሽማግሌው ከመርማሪነት ብቻ ሳይሆን ከማኅበሩም ይወጣሉ። ዝም ብሎ ቢበይድ ደግሞ ሰኞ ጠረጴዛው ላይ በየትኛው ዓይኑ ይቀመጣል? በመጨረሻ የታየው አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ዓይኑን ጨፈነና ጫረ።

ጥብቅ አድርጎ ጨፈነ። በዓይኑ ቆብ በኩል ብርሃኑ ቀይ ሆኖ ሲመጣበት ይበልጥ ጨመቀው። ብረቱን አያየውም፤ የሚሰማው እንደ ሽንኩርት ጥብስ የሚንጫጫውን ድምፅ ብቻ ነው። በድምፁ እየተመራ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ይደርሳል ብሎ የገመተውን ያህል ሄዶ ቆመ።

ሓዳስ ብረቱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራ ለአባቷ ሰጠች። ጋሽ ገብረትንሣኤ አውራ ጣታቸውን በብየዳው ላይ አስኬዱ።

"ምን ነካህ ልጄ? ይኼ እኮ ከጠላ ቤት የወጣ ሰው መንገድ ነው።"

እሸቴ ሳቀ። "ጋሼ፣ ዕቃው ከፈረንጅ አገር ነው፤ እጁ ግን የእኛው ነው።"

ጓድ ወልደሥላሴ ግን አልሳቀም። ጠማማውን ብየዳ አየ፤ ከዚያ እምሩን አየ። "እሺ፣ መስታወቱስ? ጨለመ ወይስ አልጨለመም?"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እምሩ መልሰው ነበር፤ እይታቸው ግን ጆሮው አጠገብ የሆነ ቦታ ላይ አርፏል።

"ጨለመ" አለ እምሩ።

"ጥሩ።" ሊቀመንበሩ እጁን ዘርግቶ ጭንብሉን ከእምሩ ራስ ላይ ወሰደው። "እንግዲያው ይኼ ለማኅበሩ ነው የሚገባው።"

እምሩ እንዲህ ይመጣል ብሎ አላሰበም ነበር። "ለእኔ እኮ ነው የመጣው" አለ።

"የማኅበሩ አባል ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የምትበይደው?"

"እንዲሁ... ደስ ስለሚለኝ።"

"ደስታ ከምርት በኋላ ይደርሳል፣ ጓድ። እዚህ ጭንብል ጠፍቶ ሠራተኛ በፈረቃ ይበይዳል፤ አንተ ለአበባ ማስቀመጫ ትፈልገዋለህ።" ወደ እሸቴ ዞረ። "ዕቃው ያንተ ነው አይደል? ከየት አገኘሁት አልክ?"

የፈረንጅ ዕቃ ከየት እንደመጣ መጠየቅ በዚያ ዘመን ለሾፌር ደግ ጥያቄ አልነበረም። እሸቴ ጨዋታው ሁሉ ጠፋበት።

"ሰው ነው የሰጠኝ። ለማኅበሩ ከሆነማ በደስታ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ጓድ ወልደሥላሴ ጭንብሉን በብብቱ አድርጎ ወጣ። ሲወጣ ጋሽ ገብረትንሣኤን "ሰኞ ሥራ ላይ እንገናኛለን" አላቸው፤ ሽማግሌውም በኩራት "ምን ጊዜም" ብለው መለሱለት።

ሓዳስ እምሩን እስከ ግቢው በር ሸኘችው።

"መስታወቱ አልጨለመም" አላት በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከገና ወዲህ። መሐሉ ጠፍቶባቸዋል። በዳር በዳር ያያሉ፤ መንገድም በዚያው ነው የሚሄዱት። እሳቸው ከመመርመራቸው በፊት እኔ ብየዳውን አይቼ እነግራቸዋለሁ። ያ የወደቀው ፍርግርግ እኔ የታመምኩ ቀን ያለፈ ነው።" ወደ ግቢው ዞር ብላ አየች። "ወንድሜ ሐድጉ ግንባር ነው። አቦይን ከማኅበሩ ካስወጧቸው ይኼም ማሽን የማኅበሩ ነው፣ ቤቱም የማኅበሩ ነው። 'ጨለመ' ስላልክልኝ እግዜር ይስጥልኝ።"

"ጭንብሉንስ ማን ሊያደርገው ነው?"

ሓዳስ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

እምሩ ፒያሳ እስኪደርሱ ድረስ እሸቴን ለመነው። ጭንብሉ እንደማይሠራ ነገረው፤ ሄዶ "ተሳስቼ ነው፣ መልሱልኝ" እንዲል ተማጸነው።

"አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ 'ጨለመ' ያልከው?" አለው እሸቴ። "አሁን ሄጄ የማይሠራ ዕቃ ነው የሰጠኋችሁ ልበል? ከዚያ ማን አዘዘህ፣ ማን ሰጠህ፣ ለምን ሰጠህ ይመጣል። እኔ በጭንብል የተነሳ ታስሬ መቅረቴ ነው።"

"ሰው ዓይኑ ይጠፋል እኮ፣ እሸቴ።"

"ታዲያ አንተ ንገራቸው። ሽማግሌውን ለማስወጣት ከጨከንክ።"

ምኒልክ አደባባይ ላይ ተለያዩ። እምሩ እቤቱ ገብቶ ራት አልበላም። አይናዲስ "ጭንብሉስ?" ስትለው "ሳይሆን ቀረ" አላት። እሷም "እንዲያውም ተገላገልን" ብላ ሳህኑን አነሳች።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አፍንጮ በር ሄደ። የጓድ ወልደሥላሴን ቤት ያውቀው ነበር። በመንገድ ላይ የሚለውን ሲያወጣና ሲያወርድ ነበር የሄደው። "ጭንብሉን ትናንት ስጥለው ሳይበላሽ አልቀረም" ሊል አሰበ፤ ግን አልጣለውም፤ ሁሉም አይተዋል። "ባትሪው ያለቀ መሰለኝ" ሊል አሰበ፤ ታዲያ እንዴት ጨለመ? የትኛውንም ቃል ቢያነሳ ጫፉ ሄዶ ሽማግሌው ላይ ይንጠለጠላል። በሩ ላይ ደርሶ አንኳኳ። አንዲት ሴት ከውስጥ "ስብሰባ ሄዷል፤ ምን ልበለው?" አለችው።

እምሩ ከቆርቆሮው በር አንድ እርምጃ ራቀ።

"ምንም አይደል" አለ። "ሰላም ብሎሃል በይው።"

"ማን ልበል?"

ስሙን ሳይናገር ቁልቁለቱን ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት ጓድ ወልደሥላሴ አዲሱን ጭንብል በሠራተኛው ሁሉ ፊት ለሓዳስ ሰጣት፤ ምርጧ በያጅ እሷ ናት ተብሎ ተጨበጨበላት። አሮጌ ጭንብሏን አዲስ ለተቀጠረ ሰው ሰጡት። ጋሽ ገብረትንሣኤ በመርማሪነታቸው ቀጠሉ። ሓዳስ አዲሱን ጭንብል አጥልቃ እስከ ማታ ስትበይድ ዋለች። ማክሰኞ ሥራ አልገባችም።