አሥራ ስድስት ቢስ

ቫይነር ቤርጎንዚኒ የኢንጂነር ማላጎሊን መንጋጋ የሰበረው በገዛ ወንድሙ ቀብር ላይ ነው፤ ቄሱ ገና ጸሎቱን አልጨረሰም ነበር። አንድ ጊዜ መታው፣ ኢንጂነሩ ወደቀ፤ ሊነሳ ሲል ደገመው። ሦስት ጎረምሶች ተረባርበው እስኪይዙት ድረስ የሰውዬው ደም የአበባ ጉንጉኑን አበላሽቶታል። ኢንጂነሩ እጁን እንኳ አላነሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ሰው አፉን ወደ ግራ አጣሞ ሲያኝክ ያየ የሞዴና ሰው ሁሉ የማን ቡጢ እንዳረፈበት ያውቃል። ቫይነርም በመንገድ ባየው ቁጥር "ሲያንሰው ነው!" ይላል።

የሞተው ሌአርኮ ነው፤ የቫይነር ታናሽ፣ የኒቬስ ባል፣ የፋልኬታ ፈታኝ ሾፌር። ፋልኬታ ማለት ሃያ አምስት ሊሠራ ታስቦ አሥራ ዘጠኝ ላይ የቀረ፣ ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጦ የሚያገሳ፣ ለመግባት ጀርባ የሚያጎብጥ እብድ መኪና ነው። ንድፉ የማላጎሊ ነበር። ማላጎሊ ክብደት ሲጠላ ለጉድ ነው። ብረት ባየ ቁጥር ያስበሳዋል፤ ሠራተኞቹም "ምሳችሁን ደብቁ፣ እሱንም እንዳይበሳው" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አካሉን የሚያወጣው ደግሞ ቫይነር ነው። በባትላሜራ ሙያ እሱን የሚያህል አልነበረም። አሉሚኒየሙን አሸዋ የተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አስተኝቶ፣ በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጠ፣ በዓይኑ ብቻ ለክቶ ፓራፋንጎ ያወጣል። ግራ ጆሮው የደነቆረውም በዚሁ ነው።

የአንዷ መኪና ብረት ከሌላዋ ጋር እንዳይቀላቀል በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የመኪናዋ ቁጥር ይመታበታል። የአሥራ ሰባተኛዋ መኪና ተራ ደረሰና ከማሽን ቤት ብረቶቹ አሥራ ሰባት ተመትቶባቸው መጡ። ማሽን ቤቱን ያን ሰሞን የያዘው ጀርመናዊ ነበር፣ ምን ያውቃል! በጣሊያን አገር አሥራ ሰባት የሞት ቁጥር ነው። ጤነኛ ሰው በሩ ላይ አይጽፈውም፤ ከአሥራ ስድስት ቀጥሎ "አሥራ ስድስት ቢስ" ይልና ወደ አሥራ ስምንት ይዘላል። ጣሊያኖቹ ቢስ ሲሉ ድጋሚ ማለታቸው ነው፤ በእኛ ጆሮ ግን ቃሉ ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል።

"እዚች ውስጥ ከምገባ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ብጋደም ይሻለኛል" አለ ሌአርኮ ቁጥሩን ሲያይ። "እሱ ቢያንስ ፍሬን አይፈልግም።"

"አንተ ፈሪ!" አለው ቫይነር። "በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያላስፈራህ ቁጥር ያስፈራሃል?"

"ፍጥነቱን በእግሬ እይዘዋለሁ። ቁጥሩን በምን ልያዘው?"

ቫይነር ሳቀበት፤ ግን እሱም ፈርቶ ነበር። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ግራይንደሩን አንስቶ አሥራ ሰባቱን ከየብረቱ ላይ ፋቀና በቁጥር መምቻው 16 ቢስ ብሎ መታበት። እንዳይጠፋ ብሎ ጠንክሮ ነው የመታው። ማላጎሊ ሲያልፍ አየው፣ ቆሞም ሳቀ። "ይሁን፣ የወንድምህ ልብ ይረፍ" ብሎት ሄደ። ቫይነር ከዕድሜው ሁሉ እንደዚያች ከሰዓት የሚወዳት ጊዜ የለም። ለወንድሙ በእጁ ያደረገለት የመጨረሻ ነገር እሷ ናት።

በሁለተኛው ወር፣ በአቤቶኔ ተራራ ቁልቁለት ላይ፣ የፊት ግራ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው ብረት፣ ብራቾው፣ ለሁለት ተሰበረ። መኪናዋ ከግንብ ተላትማ ተገለበጠች። መሪው የሌአርኮን ደረት ሰብሮ ገባ። ሬሳውን ማውጣት ያቃታቸው ሰዎች ቫይነርን ጠሩት፤ እሱም የቀጠቀጠውን አሉሚኒየም በገዛ መቀሱ እየቆረጠ ወንድሙን አወጣው። ግማሽ ቀን ፈጀበት።

ማላጎሊ ዳኛ ፊት ቆሞ "ቀዳዳ ያበዛሁት እኔ ነኝ። ብራቾው በእኔ ጥፋት ተሰበረ" አለ። ብራቾው የት አለ ቢሉት "አቅልጬዋለሁ" አላቸው። ለቀዳዳው አንድ ዓመት፣ ለማቅለጡ ሌላ አንድ ዓመት ታሰረ። ፋብሪካው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ ማላጎሊን የንድፍ እርሳስ የሚያስይዘው ጠፋ።

ሠላሳ ዓመት አለፈና አሥራ ዘጠኝ ብቻ መሆናቸው ራሱ ለፋልኬታዎቹ ክብር ሆነላቸው። ድሮ "የሞት ወጥመድ" ያላቸው ሁሉ አሁን በነጭ ጓንት ይዳብሳቸው ጀመር። አንድ ረቡዕ ጠዋት ኒቬስ ጋዜጣ ይዛ የቫይነር ዎርክሾፕ ድረስ መጣችና ደረቱ ላይ ወረወረችለት።

"አንብበው።"

"መነጽሬ የለም።"

"እንግዲያው ስማ! እሑድ አደባባዩ ላይ ፋልኬታዎቹን ሊሰበስቧቸው ነው። የሌአርኮም አለችበት። ያ ሽማግሌ ከስብርባሪዋ መልሶ ሠርቷታል። የባሌን ደም በቢጫ ቀለም ሸፍኖ ሊያስጨበጭብበት!"

ቫይነር ጋዜጣውን ጨመደደው።

"ሠላሳ ዓመት እገድለዋለሁ ስትል ሰማሁህ" አለች ኒቬስ። "አሁን ወይ ግደለው ወይ አፍህን ዝጋ። ከዘጋህ ግን ደጄን እንዳትረግጥ።"

የብረት መዶሻውን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ በቢስክሌቱ ወጣ። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። መርገጫውን በረገጠ ቁጥር መዶሻው ጎኑን ይመታዋል።

ማላጎሊ ከቤቱ ጀርባ ባለው ጋራዥ ውስጥ ብቻውን ነበር። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ቢጫዋ ፋልኬታ መሀል ላይ ቆማለች።

"ቫይነር" አለ ጠማማ አፉን እያላወሰ። "አርጅተሃል።"

"አንተ ደግሞ አልሞትክም።"

ድሮ "እርስዎ" ይለው ነበር፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንተ ነው።

መጀመሪያ መኪናዋን ነው የመታት። መዶሻው ኮፈኑን በሳው። መስታወቱ ፈነዳ። ፓራፋንጎውን እስኪጣጠፍ ቀጠቀጠው፤ በሩን እስኪገነጠል መታው። የት ቢመቱት እንደሚሞት ከሠራው ሰው በላይ ማን ያውቃል! ኢንጂነሩ ከግድግዳው ተለጥፎ ያያል እንጂ ቃል አልተነፈሰም። ይህ ዝምታ ቫይነርን ይበልጥ አሳበደው። ዞሮ ትከሻውን መታው። አጥንቱ ሲንቋቋ በደህናው ጆሮው ሰማ። ሽማግሌው ተንበረከከ፤ አሁንም እጁን አላነሳም።

"ለምን አትከላከልም? ለምን? ተከላከል እንጂ፣ አንተ ውሻ!"

ደግሞ ሲሰነዝር ማላጎሊ ወደ ኋላ ተንፏቀቀና ከጠረጴዛው ሥር ያለ የእንጨት ሳጥን ላይ ተደፋበት። እንደዚያ አድርጎ የሚደበቅ ነገር ምን እንደሆነ ለመገመት ቫይነር ብዙ አልፈጀበትም።

"አላቀለጥከውም! እዚህ ነው ያለው!"

"ቫይነር፣ ይህን ተው። እኔን እንደፈለግክ አድርገኝ፤ ይህን ግን ተው።"

"ቀዳዳህን ላየው ነው። ወንድሜን የበላውን ቀዳዳ አይቼ ነው የምገድልህ።"

መኪናዋ ስትሰባበር ዝም ያለው፣ ትከሻው ሲሰበር ዝም ያለው ሽማግሌ ለሳጥኑ ግን እንደ አውሬ ታገለ። ነከሰ፣ ቧጨረ፣ ተራገጠ። ቫይነር እጁን ከክዳኑ ማላቀቅ ቢያቅተው በመዶሻው ጣቶቹን መታቸው። ሁለት ጊዜ። ሽማግሌው ጮኸና ለቀቀ።

ብራቾው በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ቫይነር ወደ መስኮቱ ወስዶ ስብራቱን አየ። ብረት በአንዴ ሲሰበር ፊቱ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል፤ ቀስ እያለ ሲሰነጠቅ ግን ለስላሳና ጠቆር ያለ ነው፣ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ክብ በክብ ይደራረባል። ክቦቹ እየጠበቡ የሚያመሩበት ነጥብ ስንጥቁ የጀመረበት ነው። ይህን ማንም ብረት ሠራተኛ ያውቃል። ቫይነር ነጥቡን ከቀዳዳዎቹ ጫፍ ፈለገ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ደህና ናቸው፤ አንዱም አልተጫረም።

ክቦቹን በጣቱ ተከተለ። የሚያመሩት ወደ ጠርዙ፣ ጎማው ክብደቱን ሁሉ ወደሚጭንበት ጎን ነው። እዚያ ቁጥር አለ፤ 16 ቢስ። ስብራቱ የስድስቷን ሆድ ለሁለት ሰንጥቋታል። ሁሉም ክብ የሚወጣው ከእሷ ግርጌ፣ መምቻው ጠልቆ ከገባበት ነው።

እንዳይጠፋ ብሎ ጠንክሮ መትቶት ነበር።

ቫይነር ዘይት የጠጣው ወለል ላይ ተቀመጠ። ሌአርኮን አቅፎ ከቆርቆሮው ውስጥ ሲያወጣው እንኳ እንደዚህ አልሆነም።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለ።

"በቀብሩ ዕለት ልነግርህ ነበር የመጣሁት" አለ ማላጎሊ የተሰባበረ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ። "አፌን ሰበርከው።"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ከዚያማ ሳስበው… ቁጥሩን ስትመታ አይቻለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ቁጥር እንደማይመታ የማውቅ እኔ ነኝ፤ አንተ ባትላሜራ ነህ፣ ከየት ታውቃለህ? ቆሜ ሳቅኩ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ቅድስና አይምሰልህ፤ አንተን ማየት ራሱ ያስጠላኝ ነበር። ግን ሁለታችንም ከምንፈርስ እኔ ብቻ ልፍረስ ብዬ ነው።"

ቫይነር መዶሻውን አንስቶ እጀታውን ወደ ሽማግሌው አዞረ።

"ይምቱኝ፣ ኢንጂነር።"

ከሠላሳ ዓመት በኋላ እርስዎ ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነው።

"በምኔ ልምታህ?" አለ ማላጎሊ። "ጣቶቼን ሰብረሃቸዋል እኮ።"

ቫይነር የሽማግሌውን ጎረቤት ሐኪም እንዲጠራ ልኮ፣ ብራቾውን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ቢስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ሄደ።

በሩን የከፈተችው ኒቬስ እጇ ዱቄት ነበር፤ ለእሑድ ቶርቴሊኒ የሚባለውን ፓስታ እየጠቀለለች ነው። ሸሚዙ ላይ ያለውን ደም አየች።

"ገደልከው?"

"ገደልኩት።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። በዱቄታም እጆቿ ቀኝ እጁን ይዛ ሳመችው። "እጅህ ይባረክ" አለችው። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ! እጅህ ይባረክ።"

ቫይነር እጁን ከእጇ አላቀቀ። ብረቱን አውጥቶ ዱቄቱ መሀል አስቀመጠውና ቁጥሩን ወደ እሷ አዞረላት።

"የገደልኩት ሌአርኮን ነው፣ ኒቬስ" አለ።