ያልቀረበው የእርቅ ማዕድ

ሰላም ተፈረመ በተባለ ማግስት እህታችሁን ብቻዋን መንገድ ትልካላችሁ? ሰብሌ ልካለች። ሬዲዮው መንገዱ ተከፍቷል ሲል አመነች። ታናሿ ሩሀማ ከደካ ወደ ቦንጋ ስትመጣ ታጣቂዎች ከሚኒባስ አወረዷት። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች በሰላም ቤታቸው ገቡ። እሷ ይኸው እስከ ዛሬ የለችም፤ ከደካ ማዶም ተኩሱ አልቆመም።

ዛሬ ሲዋጉ የቆዩት ሁለቱ ወገኖች ቦንጋ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው የእርቁን ማዕድ ይጠብቃሉ። ሰብሌ ከሁለቱም ወገን ከመጡ ሴቶች ጋር ጓሮ ሆና ወጡን ሠርታ፣ ቆጮውን ጋግራ ጨርሳለች። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ኃይለመስቀል በጓሮ በር ብቅ አሉ።

«ሰብሌ፣ ይቅረብ እንጂ ልጄ። እንግዳው በረሃብ አለቀ።»

«ጋሼ፣ አብረው ከበሉ በኋላ ያለፈ በደል አይነሳም የሚባለው እውነት ነው?»

«ደንባችን ነው።»

«የሩሀማም?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «የሁሉም።»

አንድ ጉርሻ የሰው ልጅ ደብዛ ሊያጠፋ ነው እንግዲህ። ሰብሌ የድስቱን ክዳን መልሳ ገጠመችና ከፊቱ ቆመች።

«እንግዲያው አይቀርብም።»

ሌሎቹ ሴቶች ገፋ አድርገዋት ድስቱን እንደሚያነሱ አልተጠራጠረችም። የታጣቂዎቹ አዛዥ ኢያሱ ከሽማግሌው ኋላ ሆኖ ሳቀ።

«ተዉአት፤ ወጡ ሲቀዘቅዝ እሷም ትቀዘቅዛለች።»

«አንተ ደግሞ መቼ ወጥ ሠርተህ ታውቃለህ?» አለችው የገዛ አክስቱ ዮሀና። ወንድሟን የገደሉባት የሰብሌ ወገኖች ናቸው። ቢሆንም ጎንበስ ብላ የራሷን ድስት ከደነች። አጠገቧ ያለችውም ከደነች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። የክዳኑ ድምፅ ጓሮውን ዞሮ አበቃ። ደም የተቃቡ ቤቶች ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በድስቶቹና በአዳራሹ መካከል ቆሙ።

መንግሥትና መሣሪያ ያላቆሟቸውን ወንዶች እነዚህ ባዶ እጃቸውን የቆሙ ሴቶች አቁመዋቸዋል። ሰብሌ ሳታውቀው ነጠላዋን ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው መስቀለኛ አጣፋች። ወንዶቹ አንድ በአንድ ከአዳራሹ እየወጡ በረንዳው ላይ ተደረደሩ። ኢያሱም ሳቁን ዋጠ።

«ነይ ወደዚህ፣ ለብቻችን እንነጋገር» አላት በለሆሳስ።

«የለም አቶ ኢያሱ። ያወረዷት የእርስዎ ሰዎች ናቸው። አዳራሹ መሃል ይቁሙና ሁለቱም ወገን እየሰማ ይመልሱ፤ ሩሀማ የት ናት?»