ከባድ ብረት

ቦጂያ ጎንበስ ብሎ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ፈዲሉ የሻይ ብርጭቆ የሞላበትን ትሪ ይዞ መሐል ላይ ቆሞ ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ፈዲሉ ፊቱን መለሰና ሻዩን ለሌሎቹ ማደል ቀጠለ። በሐዘን ቤት እንግዳን መዝለል ነውር መሆኑ ጠፍቶት አይደለም፤ እጁ አልታዘዝ ስላለው ነው። ቦጂያም እንዳልተዘለለ ሰው ሆኖ መግቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቅንድቡ በዱቄት ነጥቷል። እጃጂ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለው፤ መርዶውን ሲሰማ ሞተሩን አጥፍቶ በቀጥታ አውቶቡስ ላይ እንደወጣ ያስታውቃል።

ድፍረቱ፣ አለ ፈዲሉ በሆዱ።

ሟቹ ሞቱማ ነበር። አምቦ ውስጥ በግብርና መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ገና አርባ ያልሞላው፣ ጉበቱ ከድቶት ክረምቱን በሙሉ አልጋ ላይ ያሳለፈ ሰው። ትናንት ቀብረውታል። እናቱ አዴ ደስታነሽ ከእሱ ሌላ ልጅ ስላልነበራቸው የለቅሶውን ሥራ ሁሉ የያዘው ፈዲሉ ነው። እድሩን ያስጠራው፣ ድንኳኑን ያስተከለው፣ ለቀስተኛ የሚቀበለው እሱ ነው። እስላም ሆኖ በክርስቲያን ለቅሶ ደፋ ቀና ሲል የሚደነቅ አልነበረም፤ የአምቦ ሰው ሁለቱን የሚያውቃቸው አንድ ላይ ነው። አዴ ደስታነሽም ለመጣው ሁሉ የፈዲሉን እጅ ይዘው፣ «የቀረኝ ይሄ ነው፤ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» ይላሉ።

ሞቱማ ከቼኮስሎቫኪያ ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰው በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ሌሎቹ ከውጭ ሲመጡ ፍሪጅ ያመጣሉ፣ ብስክሌት ያመጣሉ፤ እሱ ያመጣው አንድ ሻንጣ ካሴት ነበር። ያን ጊዜ በቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ፈዲሉ ጊታር፣ ቦጂያ ድራም ይጫወታሉ። በየበዓሉ መድረክ ላይ ወጥተው መፈክር ያጅባሉ። ሞቱማ አንድ ቀን ሁለቱንም ቤቱ ጠርቶ በሩን ዘጋና ቴፑን ከፈተ። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ፈዲሉ ቴፑ የተበላሸ መስሎት ነበር። ጊታሩ ያጓራል፤ ድራሙ ደረት ላይ ይወርዳል፤ ዘፋኙ ቤቱ እየተቃጠለበት እንዳለ ሰው ይጮኻል። ካሴቱ ሲያልቅ ግን እንደገና እንዲከፈት የለመነው ራሱ ፈዲሉ ነው። በየስብሰባው ጥርሱን ነክሶ ዝም ያለበትን ነገር ሁሉ ሌላ ሰው የጮኸለት መሰለው።

«የኦሮሞ ልጅ አባቶቹን ይቆጥራል። የምንሰማውንም ነገር ዘሩን ሳናውቅ አንሰማም» ይል ነበር ሞቱማ። ከዚያ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥርላቸዋል። አያትየው ብሉዝ ነው፤ የአሜሪካ ጥቁሮች ከጥጥ እርሻ ይዘውት የወጡት እንጉርጉሮ። ብሉዝ ሮክን ወለደ። ሮክ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ገባና በርሚንግሃም በምትባል የፋብሪካ ከተማ ሄቪ ሜታልን ወለደ። እዚያ አንድ ጊታር ተጫዋች፣ በሚሠራበት ፋብሪካ ማሽን የጣቶቹን ጫፍ ቆርጦበት፣ ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው። እንዳያመው ብሎ ክሩን ቢያላላው ድምፁ ወፈረ፣ ከበደም። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ በዙ። አንደኛው ዱም የሚሉት ነው፤ እንደ ቀብር ሰልፍ እየተጎተተ የሚሄድ። ሌላው ትራሽ ነው፤ ካሊፎርኒያ የተወለደ፣ ፍሬን እንደበጠሰ የጭነት መኪና ቁልቁል የሚወርድ። ፀጉሩን ነፍቶ ከንፈሩን የሚቀባ ልጅም አለው፤ ግላም ይባላል። እሱን ሲጠራ ሞቱማ የቤተሰብ ገመና እንደሚያወጣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የገበያው ቀን፣ የኪነት መሣሪያ በሚቀመጥበት የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ መለማመድ ጀመሩ። አጠገቡ ያለው ወፍጮ እስኪዘጋ ድረስ የሚሰማቸው የለም። ሞቱማ መሣሪያ አይችልም፤ ጆሮው ግን አይስትም። ቦጂያን በሁለት እግሩ ድራም መምታት ያስተማረው ወለሉን በእንጨት እያንኳኳ ነው። ቦጂያ ቀልደኛ ነበር። ገና ከበር ሲገባ የሙዚቃውን ስም ተርጉሞ፣ ዛሬስ ከባድ ብረት አንተኩስም ወይ ይላል። ይህን ቀልድ ሞቱማ አይወድለትም። አንድ ቀን ከምር ተቆጣ።

«ስሙን አትተርጉም» አለው። «በዚህ አገር ብረት ስትል ሰው የሚሰማው ጠመንጃ ነው።»

በዓመቱ፣ እንደለመዱት ቅዳሜ ቀን፣ የታጠቁ ሰዎች መጋዘኑን ከበቡት። ሞቱማ በዚያ ቀን ለሥራ ካቺሲ ሄዷል ተብሎ አልመጣም ነበር። ፈዲሉንና ቦጂያን ጭነው ወሰዷቸው። የተጠየቁት ስለ ዘፈን አልነበረም። ከባዱን ብረት የት ነው የቀበራችሁት እየተባሉ ነው የተገረፉት። ፈዲሉ የሙዚቃ ስም ነው ብሎ ባስረዳ ቁጥር ያሾፈባቸው ይመስላቸውና ይብሱበታል። የመጋዘኑን ወለል ቆፈሩት፤ ምንም አልወጣም። ጥርጣሬው ግን እዚያው ቀረ። ቦጂያ አጎቱ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ስለነበሩ ቶሎ ተፈታ። ፈዲሉ ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ ብሔራዊ ውትድርና ተጫነ፤ ከዚያም ወደ ሰሜን። አጠገቡ የወደቀ የመድፍ ጥይት የግራ ጆሮውን ይዞት ሄደ። አምቦ ሲመለስ ጨርቅ ነጋዴው አባቱ ዓብዱልመጂድ ልጃቸውን እንደናፈቁ ሞተው ጠበቁት። ጀናዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ ሞቱማ እንደነበር ጎረቤት ነገረው።

ሞቱማ ሊጠይቀው በመጣ ቀን ፈዲሉ ማን ነው የጠቆመን አለው። ሞቱማ ብዙም አላሰበ።

«ከባድ ብረት እያለ የሚጠራው ማን ነበር?» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ለፈዲሉም ሌላ አላስፈለገውም። ቦጂያ ከእጃጂ ድረስ ሊያየው ሲመጣ ከአባቱ የወረሰውን ሱቅ በር ፊቱ ላይ ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ ገበያ ውስጥ ሲያየው መንገድ ይቀይራል። ሞቱማ ግን አልተለየውም። ማታ ማታ ሱቁ ጎራ እያለ ደህናው ጆሮ በኩል ይቀመጣል። የውጭ ጓደኞቹ የላኩለትን አዲስ ካሴት ያወጣና ትራሽ ልጅ ወለደ፣ ስሙ ዴዝ ሜታል ይባላል፣ ሞት ማለት ነው እያለ የዘር ቆጠራውን ይቀጥላል። ፈዲሉ በአንድ ጆሮው ይሰማል። በዓለም ላይ አንድ እውነተኛ ሰው አልጠፋኝም ብሎ ያምን ነበር።

ቦጂያ በመጣበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ኦቦ አመዩ ለቅሶ ደረሱ። በዚያ ዘመን የወጣቶች ማኅበር ኃላፊ የነበሩ ናቸው፤ አሁን ሸብተዋል፣ ድምፃቸውም ለስልሷል። አዴ ደስታነሽን «ዋቃ ያጽናሽ» ብለው ከፈዲሉ በስተቀኝ ተቀመጡ። ፈዲሉ ጢም ስላሳደገ አላወቁትም። ንፍሮ ቆንጠር እያደረጉ አጠገባቸው ላለ ሽማግሌ ስለ ሟቹ መልካም መልካሙን ያወሩ ጀመር።

«ታማኝ ልጅ ነበር» አሉ። «ከውጭ ይዞ የመጣው ካሴት ነገር ተነሥቶ ቢሮዬ አስጠርቼው ነበር። ሌላው ሰው ይክዳል፣ ይምላል። እሱ ግን ቁጭ ብሎ፣ እኔ ጋ ያለው ካሴት ብቻ ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ግን ሁለት ልጆች ሄቪ ሜታል ይለማመዳሉ አለኝ። እኔ ፈረንጅኛ አላውቅም። ምን ማለት ነው ስለው፣ ከባድ ብረት ማለት ነው አለኝ።»

ሽማግሌው ታዲያ ብረቱ ተገኘ ወይ ብለው ጠየቁ።

«አልተገኘም» አሉ ኦቦ አመዩ። «አንዱ የነጋዴ ልጅ ነበር፤ ወደ ጦር ሜዳ የሄደ መሰለኝ። ያም ሆነ ይህ ሞቱማ የዜግነቱን አደረገ።» ከዚያ ነፍስ ይማር ብለው ንፍሯቸውን ቀጠሉ።

ፈዲሉ ደህናውን ጆሮ በመዳፉ ሸፈነው። ድንኳኑ ጸጥ አለ፤ የሰዎች አፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሞቱማ ፈርቶ ይሆናል። ያን ዘመን ማን ያልፈራ አለ? ስማቸውን ቢሰጥ፣ ሲዘፍኑ ተገኙ ቢል፣ ቢበዛ ፀጉራቸውን ተላጭተው ጥቂት ጊዜ ታስረው ይወጡ ነበር። ግን ቃሉን ተረጎመው። ያ ቃል በዚህ አገር ምን ተብሎ እንደሚሰማ ከሦስቱ መካከል የሚያውቀው እሱ ነበር። ትርጉሙ ጭንቀት ያወጣው ስሕተት ቢሆን እንኳ፣ ኋላ ወንጀሉን በቦጂያ ቀልድ ላይ የጫነው በሰከነ አእምሮው፣ የፈዲሉን ሻይ እየጠጣ ነው።

ይህን ሲያስብ የሞቱማ የመጨረሻ ሳምንት ትዝ አለው። ሊጠይቀው በሄደበት ቀን ሞቱማ ሰዉን ሁሉ ከክፍሉ አስወጥቶ ግራ ጎኑን ወደ እሱ አዙሮ እንዲቀመጥ በእጁ አሳየው። ከዚያ ከንፈሩን የፈዲሉ ግራ ጆሮ ላይ አስጠግቶ ብዙ፣ በጣም ብዙ ተናገረ። ትንፋሹ አንገቱን ሲያሞቀው ይሰማዋል እንጂ ቃሉ አልገባውም። በሽታው አደናግሮት ጎኑን ስቶ ነው ብሎ አዘነለት። ላለማስቀየም ብሎም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሞቱማ ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ቀለል ብሎትም ተኛ።

ስንት ዓመት ሙሉ ጎን ስቶ የማያውቅ ሰው! መስማት የማይችለው ጆሮ ላይ ተናዞ፣ ሳይሰማው ይቅርታውን ወስዶ ሄደ።

ፈዲሉ ተነሥቶ ሻይ ቀዳና ወደ መግቢያው አመራ። ቦጂያ አልነበረም፤ ከቤቱ ጀርባ፣ የተፈለጠው እንጨት ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘው። ብርጭቆውን ሰጠው። ቦጂያ ፊቱን አየና ገባው።

«ማን ነገረህ?»

«ኦቦ አመዩ። ሲያመሰግኑት ነው የሰማሁት። አንተ ታውቅ ነበር?»

«ሲመረምሩኝ ሞቱማ ነግሮናል አሉኝ። ስትመለስ ልነግርህ መጣሁ። በሩን ዘጋህብኝ።»

ፈዲሉ ደጋግመህ ልትነግረኝ ትችል ነበር ሊል ፈለገና ተወው። ቦጂያ ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት አለ።

«እሱ አንዴ ነው የከዳህ፤ ፈርቶ» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ ግን እኔን የከዳኸኝ በየገበያው ነው።»

«ታዲያ ለቅሶው ላይ ለምን መጣህ?»

ቦጂያ ወፍጮው ሲነሣ እግሩ ሳያዘው ሞቱማ ያስተማረውን መቁጠር እንደሚጀምር ነገረው። ሊተወው ሞክሮ እንዳልሆነለት፣ ሰውዬውን ጠልቶትም እግሩ እንደማይጠላው ነገረው። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ መለሰለትና እስከ ሰልስቱ እንደማይቆይ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ተናግሮ ተነሣ። ፈዲሉ እስከ አጥሩ ሸኘው። በሚቀጥለው ገበያ እጃጂ እመጣለሁ አለው። ቦጂያ ና አላለውም፣ አትምጣም አላለውም።

በሰልስቱ ድንኳኑ ፈርሶ፣ የእድሩ ወንበሮች ተቆጥረው ተመልሰው፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ አዴ ደስታነሽ ፈዲሉን ወደ ጓዳ ጠሩት። አልጋው ላይ የሞቱማ ካፖርት ተዘርግቷል፤ ከቼኮስሎቫኪያ የመጣው፣ ክረምት በገባ ቁጥር የሚለብሰው ግራጫ ካፖርት።

«ልብሱን ለቄስ ስጪ ይሉኛል» አሉ። «ይሄን ግን ለማንም አልሰጥም። ልበሰው፤ ልየው።»

ፈዲሉ እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። የእሳቸውን ፊት ሲያይ ዘጋው። እጁን አንድ በአንድ አስገባ። አሮጊቷ ቁልፎቹን ከታች ጀምረው ራሳቸው ቆለፉለት፤ አንገቱ ጋ ሲደርሱ ኮሌታውን አቀኑለት።

«ይወድህ ነበር አይደል?» አሉት።

«ይወደኝ ነበር፣ አዴ» አለ ፈዲሉ። ይህ ውሸት ይሁን እውነት ራሱም አያውቅም።

ግቢውን ለቆ ሲሄድ አዴ ደስታነሽ በር ላይ ቆመው ስለሚያዩት ካፖርቱን አላወለቀም። መታጠፊያውን ካለፈ በኋላ ግን በጥድፊያ ቁልፎቹን ይፈታ ጀመር። የሁሉቃ ድልድይ ላይ ሲደርስ አውልቆ በእጁ ይዞት ነበር። ወንዙ ከክረምቱ የተረፈውን ጭቃ እያንከባለለ ይወርዳል። ካፖርቱን ሊጥለው ከድልድዩ ግንብ ውጭ ዘርግቶ ያዘው። ነፋስ ገባበትና እጅጌዎቹ ተነፉ። የሚያልፉ ሰዎች፣ አቧራ የሚያራግፍ መስሏቸው፣ ነፍስ ይማር ብለውት አለፉ።

ፈዲሉ እንደመሰላቸው አራገፈው። ከዚያ ገበሩን ወደ ውጭ ገልብጦ አጠፈው፣ ብብቱ ሥር ሸጎጠውና ወደ ሱቁ አቀና።