አባዬ የሚረሳበት ቦታ

ልብስ ሰፊዋ የሰው ኮት ከነገበሩ ፈትታ መልሳ የምትገጥም ሴት ናት። እጇ ላይ ገብቶ ያልገጠመ እጅጌ የለም። አንድ ዜማ ግን አልገጥም ብሏት ዓመቱን ሙሉ ልቧን አወለቀው።

ዜማው የአባቷ ነው። አባትየው በከተማው ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ ይጫወት ነበር። ቪዮላን የማታውቁ ካላችሁ የቫዮሊን ታላቅ እህት በሏት፤ ሞላ ያለች፣ ድምጿ ጎርነን ያለ፣ ሰው ሁሉ በእህቷ ስም የሚጠራት፣ ለምዳው ነው መሰለኝ እሷም የማትቆጣ። ቤታቸው ጠባብ ስለነበር የሚለማመደው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። መኝታ ቤት ክንዱ ቁም ሳጥኑን ይመታል፣ ሳሎን ደግሞ ጎረቤት ግድግዳውን ይደበድባል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እናትየው ሽንኩርት ስትከትፍ እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ ይጫወታል፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ጠረጴዛው ሥር ተኮልኩለው ይሰሙታል። ኦርኬስትራው የሚጫወትበት አዳራሽ ልጅ ስለማያስገባ አባታቸው ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት አንድም ቀን አላዩትም። የሚያውቁት የወጥ ቤቱን አባት ብቻ ነው።

ከሚለማመደው ሁሉ ልባቸው ውስጥ የቀረው አንዱ ነው። ዝግ ያለ ዜማ ነው፣ ብዙም አይወጣ ብዙም አይወርድ፤ እዚያው አካባቢ ወዲያ ወዲህ የሚል። ግን አንድ ጉድ ነበረው። አባትየው እየተጫወተ እየተጫወተ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ደጋኑ ከክሩ ላይ ተነስቶ አየር ላይ ይቀራል። ዐይኑን ይጨፍናል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የጫማው ጫፍ ወለሉን ቀስ እያለ ይመታል። ሁለት ቦታ ላይ አጠር ያለ ነው፣ ሦስተኛው ላይ ግን ይረዝማል፤ ሽንኩርቱ ተከትፎ ድስት ይገባል እሱ ገና አልባነነም።

"ረሳ! አባዬ ረሳ!" ትላለች ታላቅየዋ፣ አንገቷን ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ።

አባትየው ዐይኑን ሳይገልጥ፣ ደጋኑን ከያዘበት እጅ አንድ ጣት ወደ ላይ ያነሳል። ዝም በሉ ማለቱ ነው። ደግሞ ፈገግ ይላል! ከዚያ ድንገት ትዝ እንዳለው ሁሉ ይቀጥላል። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ሳቁ የቆመው አባትየው አንድ ቀን በጠዋት ቪዮላዋን ከነሣጥኗ ይዞ ከሥራ የተመለሰ ዕለት ነው። "ሰው ቀንሰዋል" አለች እናትየው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ልጆቹ ግን ተያዩ። ለምን እንደቀነሱት ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም፤ የሚረሳ ሰው ማን ሥራ ላይ ያስቀምጣል? ከዚያ ቀን ወዲህ ታላቅየዋ "ረሳ" የሚለውን ቃል በቀልድ እንኳ ከአፏ አላወጣችም። ቪዮላዋ ተሸጠች። አባትየው መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ኖረ፣ በጡረታው ሞተ። ሁለቱ እህትማማቾች ያባታቸውን ገበና ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውት አረጁ።

ዜማውን ግን አልተዉትም። እሁድ እሁድ ስልክ ይደዋወሉና እስከ ረጅሙ ዝምታ ድረስ ያለውን ታናሽየዋ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ታንጎራጉራለች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ታላቅየዋ ትቀበላለች። ዝምታውን ሁለቱም አይነኩትም፤ እንደ ጉድጓድ ዘለውት ያልፋሉ። አምና ታላቅየዋ፣ እታለም፣ ሞተች፤ ግማሹን ዜማ ይዛው ሄደች።

ለቀስተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ ሞከረችው። እዚያ ቦታ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ጭንቅላቷን ብትመታው፣ ብትለማመጠው፣ ወይ ፍንክች! ይባስ ብሎ የራሷም ግማሽ መላላት ጀመረ፤ ዛሬ አንድ ድምፅ፣ በሌላ ሳምንት ሌላ። ጫፉ የተፈታ ስፌት መቼም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አባቷን ለሁለተኛ ጊዜ ልትቀብረው እንደሆነ ገባትና ፈራች።

እንዲህ እያለች ነው ደንበኛዋ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የመጣው። ሰውየው በየስድስት ወሩ ሱሪ ያሰፋል፤ ሱሪዎቹ ጠበቡ እንጂ እኔ ወፈርኩ ብሎ አያውቅም። ክሊኒኩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ክላሲካል ሙዚቃ ይከፍታል፣ የበሽተኛ ጩኸት ያፍናል ይላሉ የሚያሙት።

"ምንድን ነው የሚያንጎራጉሩት፣ እትዬ?" አላት ወገቡን ስትለካው።

"የአባቴ ነው፣ ዶክተር። ጫፉ ጠፍቶብኛል።"

"ታዲያ ግሩፓችን ገብተው አይጠይቁም? የክላሲካል ሙዚቃ ወዳጆች ነን፣ ስልክዎ ላይ ነው። እዚያ የማይታወቅ ነገር የለም። የማያውቁትንም ቢሆን አናውቅም አይሉም።"

እዚያው ቆሞ፣ ሱሪው በመርፌ ቁልፍ እንደተያያዘ፣ አስገባት። በስሙ የሚጠራ የለም እዚያ ቤት፤ ሁሉም ቅጽል አለው። እሷም "ቅምቅማት" ተባለች። አዲስ የገባ ሰው ያን ቀን ጠዋት ምን እንዳዳመጠ መናገር ግዴታ ነው ሲሏት፣ "የስፌት መኪናዬን" ብላ ጻፈች። ወደዷት! የልብ ምልክት ዘነበላት። ቀኑን ሙሉ ስልኩ እየተንጫጫ ሲያጫውታት ዋለ። "ባለሸክላው" የሚባል አንድ ሰውዬና "ጡረተኛው" የሚባል ሌላ ሰውዬ አንድ ሲምፎኒ መፍጠን አለበት ዝግ ማለት በሚል ተጣልተው፣ ታርቀው፣ እንደገና ተጣሉ። እታለም ከሞተች ወዲህ ሱቋ ውስጥ እንዲህ ያለ ጫጫታ ተሰምቶ አያውቅም፤ ለካ ናፍቋት ኖሯል።

በሳምንቱ ድፍረት አገኘችና ዜማውን በድምፅ ቀድታ፣ አባቷ በከተማው ኦርኬስትራ በቪዮላ ይጫወተው እንደነበር ጽፋ ላከች። ስትቀዳው ግን አንድ ነገር አደረገች። አባትየው የሚረሳባቸው ቦታዎች ላይ ስትደርስ ምላሷን ነክሳ፣ ዝምታዎቹን ቆርጣ ጣለችና ጫፍና ጫፉን አያይዛ አንጎራጎረችው። ይህ ሁሉ ሰው ፊት የአባቷን ጉድ አታወጣም። ምን ቁርጥ አድርጓት!

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ባለሸክላው ኦፔራ ነው አለ። ጡረተኛው የወታደር ማርሽ ነው፣ ልጅቱ አዝግማው ነው እንጂ አለ፤ የስድሳ ዓመቷ "ልጅቱ" ሳቀች። አንዷ የሕፃን ማስተኛ ነው ብላ ሦስት አራት ላከችላት። ሁሉንም ከፍታ ሰማች፣ አንዱም አይደለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ለነገሩ እሷም ስንት ዘመን ሬዲዮ ሥር ጆሮዋን ቀስራ ጠብቃዋለች፣ አንድም ቀን አልመጣም።

ከሁሉ ኋላ "ሦስተኛ ረድፍ" የምትባል፣ ብዙም የማትናገር ሴት ጻፈች።

"ቅምቅማት፣ ይሄ ዜማ ተጣድፎብኛል። አባትሽ ሲጫወቱት መሃል መሃሉ ላይ አይቆሙም ነበር?"

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ስልኩን ደፋችው። ይቺ ሴት ምን ታውቃለች? ኦርኬስትራው ውስጥ ሰው ነበራት? ወሬው እስከዚያ ድረስ ወጥቷል ማለት ነው? ቀኑን ሙሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ውላ፣ የጥርስ ሐኪሙን ሱሪ ኪስ ከእግሩ ጋር አብራ ሰፍታው አገኘችው። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርታ አታውቅም። ሱሪውን ስትፈታው ዜማውን ልታንጎራጉር አፏን ከፈተች፤ መጀመሪያው ጠፋት። መጀመሪያው! ያን ጊዜ እውነተኛ ድንጋጤ ደነገጠች። ቆይቶ መጣላት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይህን እናቷም ትለው ነበር። ልብስ ሰፊዋ የሱቋን በር ዘጋች፣ ቆመች፣ ስልኩን ከፊቷ አስቀመጠችና አባቷ እንደሚያደርገው አደረገችው። ሲቆም ቆመች። በጫማዋ ጫፍ ወለሉን መታች፣ ልክ እሱ እንደሚመታው፣ እሱ የሚመታውን ያህል። ረጅሙ ጋ ደርሳ መትታ መትታ ጨረሰችና፣ ቀጣዩን ስለማታውቀው እዚያ ላይ አጠፋችው። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች።

"አባቴ ወጥ ቤት ቆሞ ሲለማመድ እነዚህ ቦታዎች ላይ ይረሳ ነበር። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለማስታወስ ይታገላል። ከሥራም የወጣው በዚሁ ነው። ጎበዝ ሰው ነበር። እባካችሁ እንዳትስቁበት።"

ማንም አልሳቀም። ባለሸክላው እንኳ አልቀለደም፣ ለታሪክ ይቀመጥ። ቆይቶ የሦስተኛ ረድፍ ድምፅ መጣ። ያለቀሰች ሴት ድምፅ ነው።

"እህቴ፣ እኔም የምጫወተው ቪዮላ ነው። ያባትሽን ወንበር አውቀዋለሁ፣ ሦስተኛው ረድፍ ነው። አባትሽ ምንም አልረሱም። ያ ዝምታ ወረቀቱ ላይ ተጽፎልናል። ሌላው ሲጫወት እኛ እየቆጠርን ተራችንን እንጠብቃለን፤ ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው ለዚያ ነው። አንቺ በእግርሽ የመታሽውን ቆጠርኩት፣ አንድ አልጎደለም፣ አንድ አልተረፈም። ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻው ቆሞ እንዲህ በልኩ ዝም የሚል ሰው ይረሳል? ደግሞ አንቺ የያዝሽው የላዩን ዜማ ሳይሆን ከሥሩ የሚሄደውን ገበሩን ነው፤ ለዚህ ነው ማንም ያላወቀው። ሙሉውን ልኬልሻለሁ፣ አብረሽ አንጎራጉሪ። ስትደርሺበት ዝም በዪ።"

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ሰው ቀንሰዋል ማለት ለካ ሰው ቀንሰዋል ማለት ብቻ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ያዘኑለት ሰው ምንም የሚታዘንለት ነገር አልነበረውም።

የሙዚቃውን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ "እሱማ!" ብላችሁ ወደዚያ ትሮጣላችሁ፣ እኔ ከነወሬዬ እቀራለሁ። የታወቀ የድሮ ሲምፎኒ ነው። እሷም ከፈተችውና ክው አለች፤ ሬዲዮ ላይ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። የአባቷን ዜማ ስትጠብቅ፣ የአባቷ ዜማ ሥሩ ተኝቶ ሲያልፍባት ኖሯል።

እንደታዘዘችው ማንጎራጎር ጀመረች። ገጠመ። እጅጌ ትከሻው ላይ ልክ ሲቀመጥ እጅ እንደሚያውቀው፣ ጉሮሮዋ አወቀው። የመጀመሪያው ዝምታ መጣ፣ ዝም አለች፤ ቫዮሊኖቹ ገቡ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ረጅሙ ጋ ስትደርስ ዐይኗን ጨፈነች።

አንድ ክላርኔት ብቻውን መጣ። ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳይጠራ፣ እንደ ሰው ድምፅ የሞቀ። ያን የመሰለ ነገር በሕይወቷ አልሰማችም፤ ሰምታም ከሆነ ልብ አላለችም። አባቷ እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሽንኩርቱ እየተከተፈ፣ ልጆቹ "ረሳ!" እያሉ ሲጮሁበት፣ ይህን ነበር የሚሰማው። ለዚህ ነበር ፈገግ የሚለው።

በሩ ተንኳኳና የጥርስ ሐኪሙ ብቅ አለ። "እትዬ፣ ሱሪዬ ደረሰ?"

ልብስ ሰፊዋ ዐይኗን ሳትገልጥ አንድ ጣቷን ወደ ላይ አነሳች።

ሐኪሙ በር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ ጫማዋ ወለሉን ይመታል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ክላርኔቱ ወረደ፣ ቀጠነ፣ አለቀ። ያን ጊዜ አፏን ከፈተችና ገባች፤ ሳትዘገይ፣ ሳትቀድም፣ እታለም ይዛው የሄደችውን ግማሽ እስከ መጨረሻው አንጎራጎረችው።